ውዳሴ ጓጉንቸር

በዚህ አገር የተቀላጠፈ አገልግሎት የለም የሚል ሰው ወላይታ ሶዶ ላይ ቤት ተከራይቶ አንድ ወር ኪራይ ያሳልፍ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ክፍሉ በር ላይ ከራሱ ቁልፍ ከፍ ብሎ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ያገኛል፤ የሱቅ ዘይቱ ገና አልለቀቀም። ማመልከቻ አልተጻፈም፤ መዝገብ አልተከፈተም፤ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለስ» ያለም የለም። ከሳሽ፣ ምስክር፣ ዳኛና ፍርድ አስፈጻሚ በአንድ ነጠላ ጫማ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤቱ ተራምደው፣ ጉዳዩን መርምረው፣ ወስነውና አስፈጽመው ተመልሰዋል። ይግባኝ ማለትም አልተከለከለም፤ የሚሰማው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በዚያችው አከራይ ሴትዮ ዘንድ ነው።

ለዚህ ተቋም እስካሁን የምስክር ወረቀት እንኳ አለመሰጠቱ ያሳዝናል። መሥሪያ ቤቶቻችን ስለ አገልግሎት አሰጣጥ መሻሻል ሥልጠና ሲያዘጋጁ አሠልጣኝ ከሩቅ ያስመጣሉ፣ አበል ይከፍላሉ። ከአከራዮች አንዷን ቢጠሩ በግማሽ ቀን ትጨርስላቸው ነበር። ፕሮጀክተርም አትጠይቅ።

በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ከዚህ ጋር ሲተያይ እጅግ ቀርፋፋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው በአንቀጽ 2952 ነው (ሕጉ በወጣበት ዓመት ላይ አንድ ሺህ ደምሩ፤ አይጠፋችሁም)። ተከራዩ ቀኑን ካሳለፈ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ይስጠው ይላል። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን ይታገሠው፤ ያ ጊዜ ሲያልቅ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ይህ እንዳይበቃ ደግሞ፣ ቀኑን የሚያሳጥር ወይም ያለማስጠንቀቂያ ለማስወጣት የሚፈቅድ ነገር ውሉ ላይ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም ብሎ በሩን ከወዲያ ይዘጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ትልቅ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ሊቅ ይሁኑ እንጂ በዳሞታ ተራራ ግርጌ አንድ ግቢ ገብተው ለአምስት ክፍል አንድ ቆጣሪ፣ ለአምስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ምን እንደሚመስል አላዩም። 15 ቀን ማለት ሶዶ ላይ አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ የሚከራይበት፣ ሁለት ደላላም ኮሚሽኑን በልቶ የሚጠግብበት ጊዜ ነው።

ያው ሕግ ሌላም ተረት አለው። ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ፣ ለአጭር ጊዜ ወይም ጊዜው ሳይወሰን የተከራየ ሰው ኪራዩን የሚከፍለው በየወሩ መጨረሻ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ኖሮ፣ ከዚያ ከፍሎ። ይህን ለአንድ የሶዶ ደላላ አንብቡለት። አይቆጣም። እንደ ልጅ አይቶ ያዝንላችኋል፤ ከዚያ «የሦስት ወር ቅድሚያ» ብሎ ይቀጥላል።

ጓጉንቸር ግን የጥበቡ ማሳረጊያ እንጂ መነሻው አይደለም፤ ሙያዋን የምታውቅ አከራይ ዘላ አትደርስበትም። ሥራው የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ጠዋት ቧንቧው ጋ፣ ፊት እየታጠባችሁ፣ ሳሙናው ዓይናችሁ ውስጥ እያለ «ቲቸር፣ እንዴት አደርክ? ደሞዝ ገባ?» ይባላል። በማግስቱ እንዴት አደርክ ይቀርና ደሞዝ ገባ ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ መብራት ነው። ብሬከሩ ያለው ዋናው ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንዲት ጣት ትበቃለች። ሰርቪስ ቤቱ ይጨልማል፤ ዋናው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ያወራል። «ቲቸር፣ እናንተ ጋ ጠፋ እንዴ?» ተብሎም ይጠየቃል። የመብራት ኃይል ስም ባልሠራው ኃጢአት ይነሣል፤ ከሠራው ጋር ሲደመር ግን ማንም አይለየውም። ከመብራት ቀጥሎ ውኃ፣ ከውኃ ቀጥሎ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ቦታውን ይለውጣል። በሕግ ትምህርት ቤት «የማስጠንቀቂያ አሰጣጥ ሥርዓት» ብለው አንድ ሴሚስተር የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ተከራዩ አልገባ ካለው፣ ከደቡብ አፍሪካ ልጅ ሊመጣ ነው። ቤቱ ለእሱ ይፈለጋል። ሶዶ ውስጥ ኪራይ በተጓተተ ቁጥር ሊመጡ ነው የተባሉት ልጆች ሁሉ አንድ ቀን እውነት ተሳፍረው ቢመጡ መናኸሪያው አይችላቸውም። ልጅ የሌላት ደግሞ እድሳት አላት። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በሙሉ ልቡ ሲወርድ፣ ሁለት ቆርቆሮ ለመቀየር ይነሣሉ፤ አዲሱ ቆርቆሮ የሚገዛው ግን መስከረም ነው። በዚህ በኩል ብቻችንን አይደለንም። ኬንያ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሥራ ባስፈታበት ወቅት በርና ጣሪያ እየነቀሉ ተከራይ ያስወጡ አከራዮች ዜና ሆነው ነበር። የእኛዎቹ ያን ያህል አልሠለጠኑም፤ በር ከመንቀል ቁልፍ መጨመር ይቀላቸዋል፤ እንጨቱም አይጎዳም።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ሥርዓቱ ያለ ምንም ክፋት መሠራቱ ነው። በሩ የተቆለፈበት መምህር ደጅ ቆሞ ሲያድር አይታይም፤ ነውር ነው። ዋናው ቤት ገብቶ ቆጮ በጎመን፣ ከዳጣ ጋር ይቀርብለታል፤ «ብላ እንጂ፣ ምነው አነስክ» ይባላል፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ይጫወታል። ግፋታ ላይ ከሆነማ፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ የታረደው በሬ ድርሻ ይደርሰዋል፤ የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነውና ይመረቃልም። ቁልፉ ግን አይከፈትም። እራት ሌላ፣ ኪራይ ሌላ። ሬኔ ዳቪድ ከቆጮው አንዴ ቢጎርሱ ኖሮ አንቀጹን ምን አድርገው እንደሚጽፉት እንጃ።

በሩ የተቆለፈበት ሰው ዋልጌ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። አስተማሪ ነው፣ ነርስ ነች፣ የወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በወላይታ ዞን መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ መምህራን ሥራ አቁመው ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሲከፈልም ለአንዳንዱ «በፐርሰንት» ተከፈለ። ይህ ፐርሰንት የሚሉት ነገር እንዴት ያለ ፈጠራ ነው! ሰውየው መቶ በመቶ አስተምሮ፣ መቶ በመቶ ፈተና አርሞ፣ ደመወዙ ግን እንደ ደካማ ተማሪ ውጤት ተቆርጦ ይመጣል። መምህሩም ይህንኑ ዘዴ ወደ ቤት ሊወስደው ሞከረ እንበል። «እትዬ፣ ደሞዙ በፐርሰንት ስለገባ ኪራዩንም በፐርሰንት ልክፈልዎት» አለ። «እሺ ልጄ፣ በየትኛው ፐርሰንት ነው የምትተኛው? በራስጌው ነው በግርጌው?» አሉት። ይህን ጥያቄ ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ያቀረበ እስካሁን የለም።

በዚሁ ላይ ከተማዋ አድጋለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ ለስድስት ከተሞች ተከፋፍለው፣ ሶዶ የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ሰንጋም ወደቀ። ከደስታው ማግስት ግን ከሐዋሳ የሚመጣ ሠራተኛ ቤት ሊፈልግ ከደላላ ኋላ ተሰለፈ፤ ከጋንዳባ እስከ ኦቶና ሰርቪስ ቤት የነበረው «ስቱዲዮ» ተባለ። ርዕሰ ከተማ መሆን ማለት፣ የራስህን ደመወዝ የሚያዘገየው መሥሪያ ቤት ራሱ መጥቶ ኪራይህን ሲያስወድድብህ ማየት ነው።

አሁን የነገሩን ሥር እንፈልግ ብንል ጉዟችን ረጅም ነው። ደመወዙ ለምን አልገባም? የበጀት እጥረት። የበጀት እጥረቱ ከየት መጣ? ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ማዳበሪያው በብድር መጣ፤ ክልሉ ዋስ ሆነ፤ ገበሬው ወሰደው፤ ብድሩ በወቅቱ አልተመለሰም፤ ዕዳው ከክልሉና ከየመዋቅሩ በጀት ተቆረጠ፤ በጀቱ ሲቆረጥ ደመወዙ ተቆረጠ። ዩሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ ጥርጊያውን ተከትሎ መምህሩ በር ላይ ደረሰ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ቦዲቲ ወይም አረካ ገጠር ያለ አንድ ገበሬ አስቡ፤ ማዳበሪያ ወስዶ ገና አልመለሰም። በስኳር ድንችና በቡና ካገኛት ላይ ቆጥቦ ሶዶ ዳር ሦስት ክፍል ሠርቷል፤ ሚስቱ ኪራይ ትሰበስባለች። ከክፍሎቹ በአንዱ የሚኖረው መምህር የእነሱን ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። ገበሬው ለባንክ አልከፈለም፤ መንግሥት ለመምህሩ አልከፈለም፤ መምህሩ ለገበሬው አልከፈለም። ሦስቱም ባለዕዳ፣ ሦስቱም ባለገንዘብ። ከሦስቱ ግን በር የተቆለፈበት አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ጠዋት ለልጃቸው ወለድ እንዴት እንደሚሰላ ሊያስተምር ይሄዳል።

ወለድ ካነሣን አይቀር፤ መንግሥትም መዘግየት የሚያስቀጣ መሆኑን አያውቅም ማለት አይቻልም። ይኸው አከራይ የኪራይ ገቢ ግብሩን በሐምሌ ሳይከፍል ቢቀር መቅጫና ወለድ ይታሰብበታል። ለመንግሥት ሲዘገይ ገንዘብ ይወልዳል፤ በመንግሥት ሲዘገይ ግን መካን ነው። ሦስት ወር የተኛ ደመወዝ ሲነቃ እንደተኛ ነው፤ አንድ ብር አልጨመረም፤ የጤፍ ዋጋ ግን አልተኛም ነበር።

ሕገ መንግሥቱም ተጠይቋል። አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውኃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ፖሊሲዎች ያልማሉ ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን»፦ እንዴት ያለች ለስላሳ ሐረግ ናት! በመንግሥት አፍ ስትሆን ሕገ መንግሥት ናት። ተከራይ «እትዬ፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን እከፍላለሁ» ሲል ውል ማፍረስ ትሆናለች።

አከራዮቹ ላይ መዘባበቴ ካልቀረ እውነታቸውንም ልናገር። ብዙዎቹ ባለጸጋ አይደሉም። ባሏ የሞተባት፣ ጡረታዋ ለዘይት የማይበቃ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ብቻ ያላት ሴት አለች፤ ኪራዩ የልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ተከራይዋ የአምስት ወር ዕዳ ይዞ ሌሊት ባጃጅ ጠርቶ ፍራሹን ጭኖ ሲጠፋ የደረሰላት የለም። ፍርድ ቤት ልሂድ ብትል ቀጠሮው፣ መጥሪያው፣ «ተከሳሽ አልቀረበም» የሚሉት አለ፤ ነሐሴና መስከረምን ደግሞ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ይዘጋል። ጓጉንቸር ዓመት ዕረፍት የለውም።

ይህን ካልኩ ዘንድ ፍርድ ቤት የማትሄድበትን ሁለተኛውን ምክንያትም ልጨምር፤ እሱን ሰው ሲያወራው አይሰማም። ውሉ ሁለት ነው። አንዱ በወረቀት፣ ሌላው በአፍ። ወረቀቱ ላይ ለምሳሌ 1,500 ብር ይላል፤ እሱ ለገቢዎች ነው። በአፍ 4,000 ነው፤ እሱ ለኑሮ ነው። የአምስት ወር ኪራይ ቀረብኝ ብላ ዳኛ ፊት ብትቆም «ስንት በስንት?» ይባላል። 1,500 ብትል ከግማሽ በላይ ገንዘቧ ይቀራል፤ 4,000 ብትል ግብሩ ይመጣል። ተከራዩም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ያንን ወረቀት ሲፈርም ብዕር የያዘው እሱ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ሕጉ ደጃፍ ላይ ለመድረስ እኩል ይፈራሉ። ጓጉንቸር ግን ስንት በስንት ብሎ አይጠይቅም። የሰነድ ማስረጃ የማይፈልግ ብቸኛው የፍትሕ አካል እሱ ነው፤ የተወደደውም ለዚህ ነው።

መንግሥታትማ ጓጉንቸርን ሊያስወግዱ ያልሞከሩበት ዘመን የለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወርሶ የግል አከራይነትን ራሱን ሻረ፤ ዛሬ ደርግ የለም፣ አከራይ አለ። በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ከለከለ፤ ለጓጉንቸር ነጋዴዎች የጨለማ ወራት ነበሩ፤ አለፉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ወዲያው የሚመለከታቸው ሲሆኑ፣ የክልል ከተሞች ነገር ለክልሎቹ ውሳኔ ተትቷል። መልካም አዋጅ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ረስቷል። አከራይንና ተከራይን አስቀምጦ ሁለቱንም ሲቆጣጠር፣ ኪራዩ የሚመጣበትን ኪስ የያዘው ሦስተኛው ሰው ከክፍሉ ውጭ ቆሟል። በባንክ ይከፈል አላችሁ፤ እሺ፤ ባንክ ውስጥ ይግባ እንጂ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጓጉንቸርን ከመከልከል ይልቅ ከፍ እናድርገው። እስካሁን ችሎታውን ያባከንነው ሰርቪስ ቤት በር ላይ ነው፤ ብቃት ያለው ሠራተኛ ደግሞ በደረጃ እድገት ወደ ላይ መሄድ ይገባዋል። መምህሩ በሩ የተቆለፈበት ማታ ተነሥቶ፣ ከእትዬ ጓጉንቸሩን በትሕትና ተበድሮ፣ ደመወዙን የሚያዘገየው ጽሕፈት ቤት ዘንድ ይውሰደው። ሥርዓቱን ግን እንጠብቅ፤ አንደኛ ነገር እኛ የተማርን ሰዎች ነን፤ ሁለተኛ፣ አንቀጽ 2952 አለ። የመንግሥት ቅጥር ጊዜው ከዓመት በላይ ስለሆነ 15 ቀን አይበቃም፤ 30 ቀን ይሰጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት በር ላይ ቆመን «እንዴት አደራችሁ? ደሞዝ ገባ?» እንበል። በሁለተኛው ብሬከሩ ያለበትን ግድግዳ እንፈልግ፤ በሦስተኛው የሽንት ቤቱን ቁልፍ። በአራተኛው ጽሕፈት ቤቱን ልናድሰው ነው፣ ቆርቆሮው መስከረም ላይ ይመጣል ብለን እንንገራቸው። ኃላፊዎቹ ደጅ እንዳይቀሩ ደግሞ እኛ ጋ ይምጡ፤ ቆጮ በጎመን ይቀርባል፤ «ብሉ እንጂ፣ ምነው አነሳችሁ» እንላለን። ቁልፉ ግን አይከፈትም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ተረቋል። «ጉዳዩ፦ የዘገየ ክፍያን ይመለከታል» ይላል፤ ከታች የመምህራኑ ፊርማ አለ፤ ግልባጭ ለእትዬ። ሕጉ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ነው ስለሚል፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም መመታት አለበት። ይህ ነው ያዘገየን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቢሮ የለችም፤ የምትኖርበት ቤት ስለተቆለፈባት ከደላላ ጋር ሌላ ልታይ ወጥታለች።